ምነው ያን ውል ባልፈረመ

የድምፅ አልባ ፊልም ዘመኑን ኮሜዲያን በስተር ኪተንን ባሰብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ መውደቁ አይደለም። ኮሜዲያን ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ያለ ነው። እርር የሚያደርገኝ መካሪ ሳያጣ መውደቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የራሱን ስቱዲዮ ትቶ ከትልቁ የፊልም ኩባንያ ከኤም ጂ ኤም ጋር ሊፈራረም ሲል ቻርሊ ቻፕሊን «ተው» ብሎታል። ሃሮልድ ሎይድም «ተው» ብሎታል። ሁለቱም ፊልማቸውን እንደ ፈቃዳቸው የሚሠሩ፣ የሰው ቅጥር መሆን ምን እንደሚያስከፍል የገባቸው ሰዎች ነበሩ። እሱ ግን ያመነው ፕሮዲዩሰሩን ጆሴፍ ሼንክን ነው። ሼንክ የሚስቱ እህት ባል ነበር፤ የኤም ጂ ኤምን እናት ኩባንያ የሚመራው ኒኮላስ ደግሞ የሼንክ ወንድም። ነገሩ ሁሉ በቤተዘመድ መካከል አለቀ። ደሞዙ በሳምንት 3,000 ዶላር ነው፤ ያኔ ማንንም ያማልላል። ኪተን ገና 32 ዓመቱ ነበር።

ምን ትቶ እንደሄደ ልብ በሉ። በ1895 ካንሳስ ውስጥ ተወልዶ ገና ድክ ድክ ሲል ከወላጆቹ ጋር መድረክ የወጣ ልጅ ነው። አባቱ ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይወረውረው ነበር፤ ለመያዣ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶበታል። ፊቱን ኮስተር ባደረገ ቁጥር ተመልካቹ ይበልጥ እንደሚስቅ ያወቀው እዚያው ነው። ከ1920 ጀምሮ በራሱ ስቱዲዮ በስምንት ዓመት ውስጥ 19 አጫጭርና 10 ረጃጅም ፊልሞች ሠራ። እሱና ባልደረቦቹ የታሪኩን መነሻና መድረሻ ይይዛሉ፤ መሀሉን እየሠሩ ያገኙታል። ሐሳብ ሲነጥፍባቸው ቀረጻውን አቁመው ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ አንዱ ነገር ብልጭ ሲልለት ኳሱን ጥለው ወደ ካሜራው። «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ላይ በማዕበል መሀል ቆሞ ሳለ የቤት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል፤ እሱን የሚያተርፈው የሰገነቱ ክፍት መስኮት ብቻ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ክብደት ያለው ነው፤ ጥቂት ጣት ያህል ፈቀቅ ቢል አልቆለት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ግድግዳ ግን መስኮት አልነበረውም።

በኤም ጂ ኤም መጀመሪያ የሠራውን «ዘ ካሜራማን»ን ሳይ ደግሞ ይብሱን እበግናለሁ። ገጸ ባሕርዩ የቤዝቦል ጨዋታ ሊቀርጽ ያንኪ ስታዲየም ይሄዳል፤ ለካ የዚያን ቀን ጨዋታ የለም። ባዶው ሜዳ ላይ ብቻውን ይቆምና ወርዋሪ ይሆናል። ምልክት ይቀበላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጀርባው ያለውን ሯጭ በዓይኑ ጠርዝ ይሰርቃል። ቀጥሎ ዱላ ሳይኖረው ዱላ ጨብጦ መቺ ይሆናል፣ ይሮጣል፣ አቧራው ላይ ይንሸራተታል። ኳስ የለ፣ ተጋጣሚ የለ፤ ግን ጨዋታውን ከነሕዝቡ ያሳያችኋል። በኩባንያው ቁጥጥር ሥር ሆኖ እንዲህ የሠራ ሰው ልቅ ቢተዉት ኖሮ ምን ይወጣው ነበር?

አልተዉትም። ሁሉም ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይቅረብ፣ አለቃ ይየው፣ ይጽደቅ ተባለ። ድምፅ ያለው ፊልም መጥቶ ጣለው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። ከልጅነቱ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ድምፅ ምኑን ያስፈራዋል? እንዲያውም «ስፓይት ማሬጅ»ን በድምፅ ልሥራው ብሎ የከለከሉት እነሱ ናቸው። በኋላ ከኮሜዲያኑ ከጂሚ ዱራንቴ ጋር አጣምረው ለፍላፊ ቧልት ውስጥ ከተቱት። መጠጡ ባሰበት፤ በ1932 ትዳሩ ፈረሰ፣ ልጆቹ እንኳ የእናታቸውን የቤተሰብ ስም ያዙ። በ1933 አባረሩት።

ጣት የሚያስነክሰው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ወደዚያው ግቢ ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች ቀልድ አቀባይ ሆነ። በ1943 ያው ኩባንያ ያንኑ «ስፓይት ማሬጅ» በሌላ ኮሜዲያን፣ በሬድ ስኬልተን፣ እንደ አዲስ ሠራው። ባለ ፊልሙ በሕይወት አለ፣ ደጃቸው ላይ ነው፤ የሚፈልጉት ግን ሌላ ሰው ሲሠራው ከጎን ሆኖ እንዲያቀብል ነው።

ክብሩ ኋላ መጣ፤ በ1960 የክብር ኦስካር፣ በ1965 ቬኒስ ላይ የቆመ ጭብጨባ። እኔን ግን አያጽናናኝም። ጭብጨባ ያለፉትን ፊልሞች ያነሳ እንደሆን እንጂ ያልተሠሩትን አይሠራም። በዚያው 1965፣ በየካቲት፣ የኮሜዲያኑ የስታን ሎሬል ቀብር ላይ ተገኝቶ ነበር። ያም ዕጣው ተመሳሳይ ነው፤ በ1940 ከሃል ሮች ስቱዲዮ ወጥቶ በትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ሲወድቅ በገዛ ሥራው ላይ ሥልጣን አጣ። ዓመት ሳይሞላ በየካቲት 1966 ኪተንን የሳንባ ካንሰር ገደለው፤ ዕድሜው 70። እሱንም የቀበሩት እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ሆሊውድ ሂልስ ያለው ፎረስት ላውን መቃብር ነው። ከፊርማው እስከ ቀብሩ 38 ዓመት አለ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንደ ቀድሞው በገዛ ስቱዲዮው፣ በገዛ ፈቃዱ የሠራው ረጅም ፊልም አንድም የለም።