ሐዋሳ ሄዶ የተመለሰና ሄዶ የቀረ

እኛ ባለንበት በሐዋሳ ከተማ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል። ሐይቁ ዳር ይናፈሳል፤ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ይበላል፤ ታቦር ተራራን ይወጣል። ልጆቻችን ይህንን በአማርኛ ሲያወሩ አይቸገሩም። በእንግሊዝኛ ጻፉ ሲባሉ ግን «ኢን»፣ «አት»፣ «ኦን» እና «ቱ» ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ይቆማል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። አማርኛችን «በ»ን ብዙ ሥራ ያሠራታል፦ በሐዋሳ፣ በመናኸሪያው፣ በአውቶቡስ፣ በክረምት እንላለን። «ሐዋሳ ሄድን»፣ «ሐዋሳ ደረስን» ስንል ደግሞ ጭራሽ አንፈልጋትም። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ለከተማ «ኢን»፣ እንደ አንድ ነጥብ ለሚታይ እንደ መናኸሪያ ላለ ስፍራ «አት»፣ ከላይ ለሚቆሙበት «ኦን»፣ ለሚሄዱበት «ቱ» ይላል።

«ደረስን» ለማለት ግን «ቱ» አይገባም። «አራይቭድ ኢን ሐዋሳ»፣ «አራይቭድ አት ዘ ሆቴል» ነው የሚባለው። ነሕው የቀሩ ልጆቻችን እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ዐረብኛው «ወሰልና ኢላ» ስለሚል ወደ «ቱ» ይስባቸዋል። ያም ሆኖ «ሚን»ን፣ «ኢላ»ን፣ «ዐላ»ን እና «ፊ»ን የለየ ልጅ የእነዚህ ቃላት ጠባይ እንግዳ አይሆንበትም።

ትልቁ ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። አያት ሐጅ አድርገው በሰላም ተመለሱ እንበል። ልጅ ይህንን ውጭ አገር ተወልደው እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቁ የአጎቱ ልጆች ሲጽፍ «ሺ ሀዝ ጎን ቱ መካ» ካለ፣ አያት ገና አልተመለሱም ማለቱ ነው። ሄደው መምጣታቸውን የሚናገረው «ሺ ሀዝ ቢን ቱ መካ» ነው። «ሺ ሀዝ ቢን ኢን መካ ፎር ቱ ዊክስ» ሲባል ደግሞ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ አሁንም እዚያው ናቸው ማለት ነው። በአንዲት ቃል ምክንያት ዘመድ ከዘመድ ወሬ ይሳሳታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎታል፤ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ማታ ከእራት በኋላ ልጆቻችንን «ዛሬ የት ነበራችሁ? ሄዳችሁ ተመለሳችሁ ወይስ እዚያው ናችሁ?» እያልን በእንግሊዝኛ እናስመልሳቸው። ሕጉን ከመሸምደድ ይልቅ የሄዱበትን ቦታ እያሰቡ ቢናገሩት ቶሎ ይለምዱታል፤ ኢንሻአላህ።