ጉልበቴና አከራዬ

ስቅለትን ሙሉውን ሰግጄ አሁን ገባሁ። ጥብጠባዬን ሳይቀር ተቀብዬ። ጭኔ አልቋል፣ ወገቤን አታንሱብኝ፣ የቅጥሩ ጠጠር ቆዳዬ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ያ የግራ ጉልበቴ ግን፣ እናንተንም እኔንም ስንት ዓመት ያሰለቸው፣ ዛሬ ምንም አላለኝም።

አምና ዛሬን ታስታውሳላችሁ። ግንቡ ጥግ ከእናቶች ጋር ተቀምጬ ነው የዋልኩት። አንዲት እናት ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ በልብሽ ስገጂ» ካሉኝ በኋላ እሳቸው ተነስተው ሰገዱ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። ያን ቀን የተሰማኝን ሀፍረት አልነግራችሁም።

ኮሜንቱ ከወዲሁ ይታየኛል። ግማሹ «መስክሪ እህቴ!»፣ ግማሹ «የወጌሻውን ስልክ ኢንቦክስ» ሊል ነው። እማዬ ደግሞ እስከ ዛሬ «ብርድ ነው የመታሽ» ካለችበት ፍንክች አላለችም። ቆይ ላስረዳ።

የኤም.አር.አይ. ውጤቴ ሜኒስከስሽ (ጉልበት ውስጥ ያለው ልም አጥንት) ትንሽ ተቀዷል ይላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አሳይ ነበር። ሐኪሙ ግን ጉልበቴን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ጠመዘዘው፣ ከዚያ «ቀዶ ጥገና አያስፈልግሽም፤ ፊዚዮቴራፒ ጀምሪ፣ ደረጃም አትፍሪ» አለኝ። የተቀደደ ነገር ይዤ ደረጃ አትፍሪ? ንድድ ብዬ ወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። አሜሪካ፣ ፍራሚንግሃም፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ጉልበት በኤም.አር.አይ. አዩ። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኘው ውስጥ 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ምንም አላመማቸውም። ተቀዶ፣ ሳያውቁት ገበያ ወጥተው ይገባሉ! የባሰው ደግሞ ሂዩስተን ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመው ነው። የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸው 180 ሰዎች ነበሩ፤ ለከፊሎቹ እውነተኛውን የአርትሮስኮፒ ቀዶ ጥገና ሠሩላቸው፣ ለከፊሎቹ ቆዳቸውን ብቻ ቀደው ሰፉላቸው። ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ስፌት ብቻ የደረሳቸው ከሌሎቹ አልባሰባቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው መቼ መቼ እንደሚያመኝ ደብተር ላይ መያዝ የጀመርኩት። ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር እንጦጦ ስወጣ፦ የለም። መብራት ጠፍቶ ቢሮ በደረጃ ስወጣ፦ የለም። የቤቴ ደረጃ፣ ያቺ ከምድር ወደ አንደኛ ፎቅ የምታደርሰው፦ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዘኝ። አንደኛ ፎቅ እኔ ነኝ። ምድር ላይ አከራዬ ናቸው።

ከተነሳ አይቀር እንግዲህ። የኚህ ሴትዮ መጋረጃ ከደረጃው ትይዩ ነው። ገና የግቢውን በር ስከፍት ጫፉ ገለጥ ይላል። «ምጣድ ሰካሽ እንዴ ልጄ? ቆጣሪው እየሮጠ ነው።» እንጀራ ከሱቅ እንደምገዛ ያውቃሉ፤ ፌስታሌን በዓይናቸው ሲመዝኑ አይቻለሁ። ቅዳሜ ልብስ ስዘፈዝፍ የሮቶው ውሃ ይዘጋል። እህቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ ብታድር «እንግዳ በዛ»። ከዚያ በየጥቂት ወሩ ያቺ ዘፈን ትመጣለች፦ «ልጄ ከአሜሪካ ልትመጣ ነውና ቤቱን ሳንፈልገው አንቀርም።» ይህቺ ልጅ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ልትመጣ ነው። በመጣችና ባቀፍኳት! ልጅ ልትመጣ ነው ማለት ኪራይ ሊጨመር ነው ማለት እንደሆነ ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የኪራይ አዋጁን፣ 1320/2016ን፣ ባነሳባቸው «እሱ ለትልልቅ ሕንፃ ነው» አሉኝ፣ ያውም ፈገግ ብለው። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ እትዬ።» ሁሌም «እሺ እትዬ»። ጥርሴን ነክሼ መውጣት ስጀምር፣ ሦስተኛዋ ደረጃ ላይ ጉልበቴ ቀጭ!

ሕመሙ እውነት ነው። ይቺን አስምሩባት። ጉልበት መልእክት ይልካል፤ ያማል አያምም ብሎ የሚወስነው ግን አንጎል ነው። ሲወስን ደግሞ ጉልበቱን ብቻ አያይም፤ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ምን እንደፈራሽ፣ ባለፈው እዚያ ቦታ ምን እንደገጠመሽ፣ ሁሉንም ያያል። ደጋግሞ ከጮኸ ይለምድበታል። ያ ሌባ ቀርቶ ድመት ስታልፍ የሚያለቅስ የጎረቤት መኪና አላርም የለም? እንደሱ። ሌባ የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው፣ ሰፈሩም አይተኛም።

ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ሳርኖ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፉ፤ እንዲህ ዓይነቱን ሕመም ሰው ውስጡ አፍኖ ከያዘው ንዴት ጋር ያያይዙት ነበር። ይህን ያህል ነገር ንዴት ላይ መለጠፋቸው አይዋጥልኝም። ሳነባቸው ግን የአከራዬ መጋረጃ ፊቴ ድቅን ማለቱን አልክድም።

ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው፣ ይደብራል። ደረጃው ላይ ሲይዘኝ እዚያው ቁጭ። ትንፋሼን አርዝሜ ማውጣት። ሕመሙን ሳልሸሽ ማየት፤ የቱ ጋ ነው፣ ይወጋል ወይስ ያቃጥላል፣ ቦታ ይቀይራል? ለራሴ «ተመርምሯል፣ አደጋ የለም» ማለት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነስቶ መቀጠል። የፊዚዮቴራፒውንም ስፖርት ሳላቋርጥ፤ መጀመሪያ ከአልጋ ጫፍ ቁጭ ብድግ፣ ቀጥሎ ከበርጩማ፣ ቀጥሎ ያለ ምንም። መጀመሪያ ባሰብኝ። ቆይቶ እየሄደ ይመለስ ጀመር። ከዚያ መመለሱን ተወው።

ታዲያ ደረጃው ላይ ቁጭ ባልኩ ቁጥር መጋረጃው ይገለጣል።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እየተነፈስኩ ነው እትዬ።»

«ቤትሽ ትንፋሽ የለም?»

አንድ ቀን «እሺ እትዬ» ማለቱን ትቼ «ጭማሪውን አልከፍልም፣ ከፈለጉ ወረዳ እንሂድ» አልኳቸው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልዘለልኩም። ያን ቀን እንዲያውም በደንብ አመመኝ። እሱም ያልፋል ብዬ ተኛሁ፣ አለፈ።

የሚያናድደኝ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ይሄን ሁሉ ነግሬው «ታዲያ የሐሳብ ከሆነ ውሸትሽን ነበራ!» አይለኝ መሰላችሁ? ሲያፍር ፊቱ የሚቀላ ሰው በውሸት ነው የሚቀላው? ፈተና ሲደርስ ሽንት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ሆዱ የውሸት ነው? ስንት ሰው እኮ «ውሸትሽን ነው» እንዳይባል ብሎ ነው ከሕመሙ ጋር ቁጭ የሚለው።

እና ኢንቦክስ «የኔም እኮ» ያላችሁኝ፣ መጀመሪያ ታዩ። ያበጠ፣ የሚግል፣ ትኩሳት ያለው፣ አልዘረጋ ብሎ የሚቆለፍ፣ ሲረግጡት የሚከዳ፣ ወድቃችሁ የመጣ ሕመም የትንፋሽ ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ቤት። እኔ ቁጭ ብዬ መተንፈስ የጀመርኩት ታይቼ ካለቀ በኋላ ነው።

«ጸሎቱስ?» የሚል አይጠፋም። ጸሎቱ ጸሎት ነው፣ ከማንም ጋር አላጣላውም። ዛሬ ደግሞ ክርክር አልችልም።