«ዋንዛ» የሚለው ቃል

ተማሪዎች ሆይ፣ የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስተውላችሁ አንብቡ። «ልጆቹ ዋንዛ በሉ።» «አናጢው ዋንዛ ጠረበ።» «ሽማግሌዎቹ ከዋንዛ ሥር ተቀመጡ።» ቃሉ በሦስቱም ውስጥ አንድ ነው፤ የሚያመለክተው ነገር ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ፍሬ፣ በሁለተኛው እንጨት፣ በሦስተኛው በቁሙ ያለ ዛፍ ነው። ልዩነቱን የሚነግሩን በዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው።

እኔ ይህን ቃል የተማርሁት ከመዝገበ ቃላት አይደለም። ባደግሁበት ገጠር ዋንዛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላ ነገር ነበር፤ ቢጫ፣ ጣፋጭ፣ ጣት ላይ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ፍሬ። ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ ቅርንጫፉ ለቡና ተክል ጥላ ይሆናል። እንጨቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ለመጋዝና ለመላጊያ ስለማያስቸግር አናጢዎች ለበር፣ ለመስኮት፣ ለጠረጴዛና ለአልጋ ይመርጡታል። ግንዱ ተፈልፍሎም ከበሮ፣ ሙቀጫና የንብ ቀፎ ይወጣዋል። ዛፉን የሚያውቁ የአገራችን ሕዝቦች በየቋንቋቸው ስም ሰጥተውታል፤ በኦሮምኛ «ወዴሳ» ይባላል።

በከተማ ያደጉ ወጣቶችን «ዋንዛ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ አዘውትሬ የማገኘው መልስ «የጠረጴዛ እንጨት» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ሰው ቃሉን «የዋንዛ በር»፣ «የዋንዛ አልጋ» በሚሉት ሐረጎች ብቻ ሲያውቀው፣ ዛፉ ከሐሳቡ ይወጣል። ዛፉን የማያስብ ሰው ደግሞ በተቆረጠው ፈንታ ሌላ ለመትከል አይነሣም። ይህም ከንቱ ሥጋት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። በየጫካው ሞልቶ ለተረፈ ዛፍ እንዲህ ያለ ክልከላ ባላስፈለገ ነበር።

ስለዚህ ስለ አንድ እንጨት ድርሰት ስትጽፉ፣ ከአናጢው ቤት ሳይሆን ዛፉ ከበቀለበት ቦታ ተነሡ። ፍሬውን፣ አበባውን፣ ጥላውንና እንጨቱን በተገቢው ቃል ለይታችሁ ግለጹ። «ዋንዛ» የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉሙን ይዞ የሚኖረው፣ ዛፉ በማሳችንና በደጃችን ቆሞ እስከታየ ድረስ ነውና።