ስለ ጂግለር

«ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው ተረት እንደ እኛ ላለው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የተነገረ መሆኑን የተረዳነው ባለፈው ክረምት ሐረር ላይ ነው።

አጎታችን አንድ አሮጌ ጉዚ ሞተር ሳይክል አላቸው። እርሳቸው በሌሉበት ቀን አልነሣ ቢለን ካርቡራተሩን ፈታን። በውስጡ ጂግለር የሚሉት፣ ከጥፍር የማይበልጥ የናስ ብሎን አለ። መካከሉ የተበሳ ነው፤ ቤንዚን ተመጥኖ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። ቆሻሻ የደፈናት መስሎን ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች መርፌ ተውሰን ወጋናት።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋ፣ ዳገት ላይም ይለግም ጀመር። አጎታችን «አርጅቷል፤ ይሸጥ» ሲሉ እኛ ዝም አልን።

ኅሊናችን ስላላስተኛን ጂግለሩን ይዘን ከጁገል ውጭ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድን። ወደ ብርሃን አንሥተው አዩትና፣ «ልጄ፣ የተጻፈበት 105 ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከአምስት መቶኛ ማለት ነው። ቀዳዳው ግን ከቁጥሩ አልፏል። ናስ በትንፋሽ ይጠረጋል እንጂ በብረት አይወጋም» አሉን። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ከድሬዳዋ ይልቅ ጠበብ ያለ ጂግለር እንደሚያሻትም አስረዱን።

ጂግለሩን በኪስ ገንዘባችን ገዛን። የከበደን ግን ዋጋው ሳይሆን እውነቱን ለአጎታችን መንገር ነበር። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ እኮ በሞተሩ ፈርጄበት ነበር» ብቻ አሉ።

ሞተሩ አልተሸጠም።