ዳኛው ለራሱ ልጅ ዳኛ ሲያጣ

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን በአማርኛ ካመጣልን ወዲህ የእንግሊዞች የበቀል ተውኔት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው ሼክስፒርን ብቻ ነው። ከእሱ ቀድሞ መንገዱን የጠረገውን ቶማስ ኪድን ማን ያስታውሰዋል? ኪድ እ.ኤ.አ. በ1593 ታስሮ አሳሩን አየ፤ በዓመቱ በ35 ዓመቱ ሞተ። «የስፔን ትራጄዲ» የተባለው ተውኔቱ ደጋግሞ ሲታተም እንኳ ስሙ አልነበረበትም። የእሱ መሆኑ የታወቀው ቶማስ ሄይውድ የተባለ ጸሐፌ ተውኔት በ1612 እግረ መንገዱን ስለጠቀሰው ነው።

ባለታሪኩ ሄሮኒሞ ዳኛ ነው። የሰው አቤቱታ ሲሰማ ይውላል፤ የገዛ ልጁ አትክልት ቦታ ውስጥ ተሰቅሎ ሲገኝ ግን የሚሰማው ያጣል። ገዳዮቹ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸዋ! በመጨረሻ ለንጉሡ ቴአትር ያዘጋጅና መድረኩ ላይ የምር እንዲገደሉ ያደርጋል። ተይዞ ሚስጥር አውጣ ሲባል ምላሱን ነክሶ ይጥላል። እሺ ጻፈው ሲሉት ብዕር መቅረጫ ቢላ በምልክት ይጠይቃል። ሰጡት። በዚያችው ቢላ የአንደኛውን ገዳይ አባት ወግቶ ራሱንም ገደለ። አባትየው ምን አጠፋ? ደም ፈላጊ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ይህን እኛም አገር እናውቀዋለን።

ሲሪል ተርነር ደግሞ በ1611 በታተመው ተውኔቱ ነገሩን ገለበጠው። የሟቹ መንፈስ ልጁን ተበቀልልኝ አይለውም፤ ለፈጣሪ ተወው ይለዋል። ክፉው ሰውዬ በመጨረሻ ሌላውን ሊቀላ ያነሳው መጥረቢያ የራሱን አናት ይፈልጠዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ መጨረሻ ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሰው ያበላሸውን ሰማይ እንዲያስተካክል መጠበቅ ነው።

እዚህ ባቱና አካባቢው፣ አርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጉማ። ሽማግሌ መሀል ይገባል፤ ካሳውን ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሳው ያዋጣል። ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ከቆሙ የሚጋጩት ወንዶች መመለስ አለባቸው። ሄሮኒሞ ቢጮህ ቢጮህ እንዲህ የሚቆምለት አላገኘም።

ጉማን ግን እንደ ተረት ላሞግሰው አልፈልግም። ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ብሎ ፊልም ሠርቶበታል፤ የጉማ ፊልም ሽልማትም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ገና ያልተጻፈውን ቴአትር ነው፤ የሟቹን እናት። ከብቱ ቀርቧል፣ ሽማግሌው መርቋል፣ ወንዶቹ ታርቀዋል። እሷ ግን ነገ ገበያ ላይ የልጇ ገዳይ ሰላም ሲላት ምን ብላ ትመልስለት?