የሚያብረቀርቀው ሽጉጥና የልጃችን ደም

በመድረሳም በአስኳላም «መጀመሪያ ንጽህና» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ነገር ግን ንጹሕ መስሎን ቤታችንን ስንበክል እንደኖርን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። አንዳችን አስተማሪ፣ አንዳችን የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነን። የጥበቃው ሥራ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለን። ከተኩስ ልምምድ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግተን እናጸዳው ነበር። የሁለት ዓመት ልጃችንም ከእግራችን ሥር አትጠፋም ነበር።

የማይዝግ ብረት ሽጉጥ በአሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው በ1965 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 60 ነበር። በብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ ዝገትን ይከላከላል። እኛም ይህን ተማምነን ጽዳቱን የመልክ ጉዳይ አደረግነው። ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ፊት ላይ ባሩዱ የሚተወውን ጥቁር ቀለበት በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ስንፈገፍግ እናመሽ ነበር። ቀለበቱ ግን በሚቀጥለው ተኩስ ወዲያው ይመለሳል። ይባስ ብሎም ከሽቦው የሚረግፈው ብናኝ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ራሱ ይዝጋል!

አንድ ቀን ልጃችንን ለመደበኛ ምርመራ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ደሟ ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር 6 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። ከ2021 ጀምሮ በአሜሪካ የሕፃናት ክትትል የሚጀመረው ከ3.5 ነው። ሐኪሟ «ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ነው?» ብላ ጠየቀችን፤ በዚያ ዓመት እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም ተከልክሏልና። ቤታችን አዲስ ነው። ቀጥላም «በቤታችሁ መሣሪያ አለ?» ስትል እርስ በርሳችን ተያየን።

ለካስ ያ ጥላሸት የባሩድ አመድ ብቻ አልነበረም! በአብዛኛው ጥይት ቂጥ ላይ ያለው ባሩድ አቀጣጣይ ቅመም የእርሳስ ውህድ አለበት፤ ከእርሳስ አረሩም ብናኝ ይወጣል። ያ ሁሉ ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ ልጃችን ጣት፣ ከጣቷም ወደ አፏ ሄዷል። እርሳስ ደግሞ የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በክፍል ውስጥ የሰው ልጅ አእምሮ የምናንጽ ሰዎች በቤታችን ምን ስናደርግ ነበር?

ዛሬ ሽጉጡ የሚጸዳው ከቤት ውጭ፣ ልጅ በሌለበት ነው። በመጀመሪያ ጥይቱን አውጥተን ስድስቱንም ጉድጓዶች ሁለት ጊዜ እናያለን። በማጽጃ ፈሳሽና በነሐስ ብሩሽ አፈሙዙንና ጉድጓዶቹን ከውስጥ እናሻለን። በጉድጓዱ ውስጥ የሚከማች ጥላሸት ጥይቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋልና። ቀለህ ማውጫው ሥር የተሸጎጠች አንዲት የባሩድ ፍሬም ተሽከርካሪውን ልታነክሰው ትችላለች፤ እርሷንም ጠርገን እናወጣለን። የፊቱን ጥቁር ቀለበት ግን ትተነዋል። መልክ እንጂ ጉዳት የለውም።

ከዚያም ጓንቱንና ጨርቁን በከረጢት አስረን እንጥላለን፤ እጃችንን በሳሙና ታጥበን ልብሳችንን ለብቻው እናጥባለን። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንወለውላለን እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አናቦንንም። ሽጉጡም ተቆልፎበት ይቀመጣል።

ከስድስት ወር በኋላ የልጃችን ደም ወደ 2 ወርዷል፤ አልሐምዱሊላህ። ቀድሞ የገባው ምን እንዳደረሰባት ግን ዛሬም ስንሰጋ እናድራለን። መሣሪያ በቤታችሁ ያላችሁ ወላጆች ሆይ! ብረቱ አበራ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጨርቁ የት እንደወደቀ ተመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ልጃችሁን ዛሬውኑ አስመርምሩ።