ከማንቡክ እስከ አሶሳ፤ ስለ ሩቅ ጕዞ መሰናዶ

የመንገድን ድካም የሚያወራ ብዙ ነው፤ የመሰናዶውን ድካም የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። መንገድ እግር ከደጅ ሲወጣ የሚጀመር ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ የሚጀመረው ቤተ ሰብ በምሽት ተሰብስቦ «በየት በኩል? በስንት ቀን? ከማን ጋራ?» ብሎ ሲጠያየቅ ነው። እኛም በመተከል ዞን በዳንጉር ወረዳ በምትገኘው በማንቡክ ከተማ፣ ከመስቀል በዓል ወዲህ በየምሽቱ እንዲህ ስንጠያየቅ ሰንብተናልና፣ ከዚሁ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎች ለማካፈል ወደድን።

ዐሳባችን ሕዝቡ ዶቅዶቄ በሚለው በሞተር ብስክሌት ከማንቡክ ተነሥተን አሶሳ ለመድረስ ነው። በዚያ እንደ እናት ሆና ያሳደገችን ታላቅ እኅታችን አለች፤ ካየናት ሰባት ዓመት አልፏል። አብሮን የሚሄደው የባለቤታችን ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሱም ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ጐልማሳ ነው።

ካርታ ያልተመለከተ ሰው፣ ማንቡክና አሶሳ በአንድ ክልል ውስጥ ስላሉ ጕዞው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል ዐባይ ለሁለት ከፍሎታል፤ መተከል በወንዙ ቀኝ፣ አሶሳና ካማሺ በግራው ይገኛሉ። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር ቢለኩ ርቀታቸው ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን ከዚህ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ የሚሄድ ሰው፣ በቻግኒና በእንጅባራ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እንደ ገና በነቀምትና በጊምቢ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይወርድ ነበር። ይህ ዙሪያ ከ1000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እኛ ግን በጉባ በኩል፣ ከታላቁ ግድብ አጠገብ ተሻግረን፣ በተቻለ መጠን በጥርጊያና በመንደር መንገድ ለመሄድ ቈረጥን።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለ ሆነ፣ ነገርን በምስክር ማጣራት ልማዳችን ነው። ስለ መንገዱም ሦስት ምስክሮች አቀረብን።

የመጀመሪያው ምስክር ካርታ ነበር። አንድ ወዳጃችን ያዋሰን የቈየ የወረቀት ካርታ በዐባይ ሸለቆ ውስጥ መንደሮችን፣ የእግር መንገዶችንና መሻገሪያዎችን አጥርቶ ያሳያል። ነገር ግን የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ፣ ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር የሆነው ይህ ግድብ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ካርታው ሸለቆ ብሎ የጻፈው ዛሬ ሐይቅ ነው። ካርታው አልዋሸም፤ ዘመኑ ግን አልፎበታል። ስለዚህ ከ2012 ዓ.ም. በፊት የታተመ ካርታ ይዞ ወደ ዐባይ ዳር የሚወርድ ሰው፣ የመንገዱን ጫፍ ውሃ ውስጥ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምስክር በዚህ አገር ያረጁ አንድ አባት ነበሩ። «በለስ በጥር ወር ከጕልበት አያልፍም፤ እኔ በወጣትነቴ ጨው ተሸክሜ ተሻግሬዋለሁ» አሉን። ቃላቸው እውነት ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከጣና ሐይቅ በዋሻ የሚመጣ ውሃ በበጋም በክረምትም ወደ በለስ ይፈስሳል። እንግዲህ በለስ በበጋ የሚቀንሰው እንደ ዱሮው አይደለም። እኒህ አባት የሚያውቁት ወንዝና ዛሬ የሚፈስሰው ወንዝ ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ልዩ ልዩ ሆኗል።

ሦስተኛዋ ምስክር በገበያ ቀን ሰሊጥ ይዘው የመጡ አንዲት የጉሙዝ እናት ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ካርታም አይተው አያውቁም። ነገር ግን ትናንት የተሻገሩበትን ቦታ፣ ድልድዩ የተሰበረበትን ጅረት፣ አሸዋው ጎማ የሚውጥበትን ቍልቍለት አንድ በአንድ ነገሩን። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንባችን ይህ ሆነ፤ ካርታ አቅጣጫን ይነግራል፣ ሽማግሌ የአገርን ጠባይ ይነግራል፣ መንገዱን ግን መጠየቅ ትናንት የሄደበትን ሰው ነው።

ይህ ደንብ ስለ ወንዝ ብቻ አይደለም። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በመተከል በደረሰው ሁከት ብዙ ሰው ሕይወቱን ዐጥቷል፤ ብዙም ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። እኅታችንን ሳናያት ይህን ያህል ዘመን የቈየነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በየማለዳው፣ ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት፣ ከየቀበሌው «የፊታችን መንገድ ሰላም ነውን? ሞተር መንቀሳቀስስ ተፈቅዷልን?» ብለን እንጠይቃለን። ግድቡ አጠገብ ለማለፍም ፈቃድ አስቀድመን እንጠይቃለን። አይሆንም የተባልን ቀን ወደ ኋላ ለመመለስ ተስማምተናል፤ ይህንም ከመነሣታችን በፊት የተስማማነው፣ በመንገድ ላይ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ ለደፋሩ ስለሚያደላ ነው።

ስለ ዕቃው ደግሞ ጥቂት እንናገር። የሞተሩ ታንክ 11 ሊትር ይይዛል። በመልካም መንገድ አንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ሁለት ሰው ጭኖ በአሸዋና በዳገት ግን ከ25 አያሳልፍም ብለን ቈጠርን። ሙሉው ታንክ በዚህ ሒሳብ 275 ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ እኛ ግን ሢሶውን ለክፉ ቀን ትተን 180 ብቻ ብለን ያዝን። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ቈሻሻ ስለማያጣው በንጹሕ ጨርቅ እናጠልለዋለን። ከዚህ በቀር ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ መንፊያ፣ አንድ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ቁልፎችና ፒንሳ እንይዛለን። የራስ ቁር ለሁለት፣ የወባ አጎበር፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ፣ ለስንቅም በሶና ዳቦ ቆሎ ተሰናድቷል። ወራቱ ጥር የሆነበት ምክንያት መንገዱ ደርቆ፣ ሣሩም ተቃጥሎ ጥርጊያው ከሩቅ የሚታይበት ጊዜ ስለ ሆነ ነው።

በዚህ አገር ያለ ብዙ መሰናዶ መሄድ ምን እንደሚያስከፍል ታሪክም ይመሰክራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላ፣ መንገድ በሌለበት በረሓ ወደ በላያ ተራራ ተጓዙ፤ ይህም ተራራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ለዚያ ዘመቻ ጭነት ከአሥር ሺሕ በላይ ግመሎች ተሰማርተው፣ አዲስ አበባ የደረሱት ከመቶ ያንሱ ነበር። ግመሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሜዳ ፍጥረት ወደማያውቀው ዳገት ተነድቶ ነው። እኛም ሞተራችን ሊወጣው የማይችለውን ዳገት አስቀድመን ማወቅ እንዳለብን ከዚህ ተማርን።

የባለቤታችን ወንድም ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ አበዛችሁት አለ። ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1973 እስከ 1977፣ በሞተር ብስክሌት ዓለምን እንደ ዞረና በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ አንብቦ ነበርና፣ «ያ ሰው ዓለምን ዞሮ ሳለ እኛ ከማንቡክ አሶሳ መድረስ ያቅተናል?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤታችን ቡናውን እየቀዳች መለሰችለት፤ «እርሱ ተመልሶ ጻፈ። ተመልሶ ያልመጣ አይጽፍምና፣ የእነዚያን ታሪክ አላነበብህም።» ቀጥላም ወደ ሁለታችን ዘወር ብላ፣ «መቼ ትመለሳላችሁ ብዬ አልጠይቃችሁም። በየትኛው ቀን መጨነቅ እንደምጀምር ብቻ ንገሩኝ» አለች።

ይህ ቃል ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። ከዓመታት በፊት በሰኔ ወር ለለቅሶ ወደ በላያ ግርጌ በሞተር ሄደን፣ በየት እንደምንመለስ ለማንም አልተናገርንም ነበር። ስንመለስ ዝናብ ጥሎ አንድ ጅረት ሞላብን፤ ስልክም በዚያ አይሠራም። አንድ የጉሙዝ ገበሬ ከቤቱ አስገብቶ፣ የማሽላ ገንፎ አብልቶ፣ ሁለት ሌሊት አሳደረን። እኛ በእሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ግን፣ በማንቡክ ጎረቤቶቻችን ባትሪ ይዘው በጨለማ ይፈልጉን ነበር፤ ያውም በሌላ መንገድ። ከእነርሱ አንዱ ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እኛ በሦስተኛው ቀን በደኅና ገባን፤ እርሱ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

በችሎት ቀጠሮ የሚሰጠው ለባለ ጕዳዩ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀው ወገን በከንቱ እንዳይንከራተት ጭምር ነው። በመዝገብ ላይ ይህን ስንት ጊዜ ጽፈናል! ለቤታችን ግን አንድም ቀን ቀጠሮ ሰጥተን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዐምድ አስምረን ጻፍን። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የምናድርበትን ስፍራ፣ በሦስተኛው በዚያ ስፍራ ስለ እኛ የሚጠየቀውን ሰው። የመጀመሪያው ማደሪያ የዚያ ገበሬ ቤት ነው፤ ስኳርና ቡና ይዘን ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከዚያ ማንኩሽ፣ ከዚያም የግድቡ ማዶ፣ በመጨረሻም አሶሳ። በወረቀቱ ግርጌ መፈለግ የሚጀመርበትን ቀን በቀይ ቀለም ጻፍንና በቤቱ ምሰሶ ላይ ለጠፍነው።

ትናንት ማታ ያ ጎረቤታችን በትሩን ተደግፎ መጥቶ ወረቀቱን ቆሞ አነበበ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ እስክርቢቶ ጠየቀና በቀይ የተጻፈውን ቀን ሰርዞ በማግሥቱ ቀን ተካው። «ወንዝ ቀጠሮ አያከብርም፤ እናንተ ጅረት ዳር ተቀምጣችሁ ውሃው እስኪጎድል ብትጠብቁ፣ የእኛን ጭንቀት ፈርታችሁ እንዳትገቡበት አንድ ቀን ጨምሬላችኋለሁ» አለን።

ከጥምቀት በዓል በኋላ በማግሥቱ እንነሣለን።